በወፈረ ውሃ ውስጥ

ከእሑድ ወዲህ የሁለቱ እህትማማቾች እናት ወደ በሩ መሄድ ትታለች። ሐኪሙ የማረጋጊያ መድኃኒቷን መጠን ከፍ ያደረገው እሑድ ጠዋት ነበር፤ ያንኑ ቀን ማታ ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ በፊት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማበጠሪያዋን ይዛ ትነሳ ነበር። "ደንበኞቼ ቆመው ይጠብቁኛል" ትላለች። ፀጉር ቤቷ ከተዘጋ ዓመታት ማለፋቸውን ቢነግሯትም የሚነግራትን ሰው በትዕግሥት ሰምታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ወደ በሩ ታመራለች። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ወድቃ ቅንድቧ ተሰፋ። ታላቂቱ እህት ሐኪሙ ዘንድ የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው። ታናሺቱም ተስማምታለች።

ታናሺቱ በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ታነሳለች፤ ለልጆች የሳይንስ መጽሐፍ። ጠረጴዛዋ በእናቷ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። አንድ ዓይኗን ለሥራው፣ አንድ ዓይኗን ለእናቷ እንድታደርግ ሆን ተብሎ እዚያ የተቀመጠ ነው።

አሁን በማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ባለችው ጠብታ ውስጥ አንዲት ፍጥረት ትከንፋለች። ቅርጿ የጫማ ሶል ይመስላል፤ ዙሪያዋን ደቃቅ ፀጉር ከቧታል፤ የምትዋኘውም በዚያው ፀጉር ነው። እስከ ዛሬ ካሜራው ሊይዛት አልቻለም። በተነሳች ቁጥር የምትቀረው ጭረት ሆና ነው። የመጽሐፉ አዘጋጅም፣ "ይህ ጭረት ለልጅ ምን ይነግረዋል?" ብሎ ፎቶውን መልሶላታል። ለዚህ መላው አንድ ነው፤ ውሃውን እንደ ማር የሚያወፍር ጥርት ያለ ፈሳሽ።

ከፈሳሹ አንድ ጠብታ ጨመረች። ፍጥረቲቱ ተንገዳገደች፤ ዘገመች፤ ቆመች። ፀጉሮቿ ብቻ ቀስ እያሉ ይርገበገባሉ። ታናሺቱ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይለያል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እጇን ከቁልፉ አንስታ፣ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል፣ ጭኗ ላይ አኖረችው።

አንድ ቀን እናቷ በዚሁ የማይክሮስኮፕ መነጽር አጮልቃ አይታ፣ "ይቺ ደግሞ እንዲህ ተንጨባርራ ነው ፎቶ የምትነሳው? አበጣሪ የላትም?" ብላ ነበር።

"እማዬ፣ ዛሬ ተበጥራ መጥታልሻለች" አለች ወደ አልጋው ዞራ።

እናቷ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። ማበጠሪያው ትራሱ አጠገብ ነው። ታናሺቱ ተነስታ አነሳችውና የእናቷን ፀጉር ማበጠር ጀመረች፤ ሆን ብላ ከሥሩ ጀምራ፣ ወደ ታች እየጎተተች። እናቷ ይህን አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም ነበር። "ከጫፍ ጀምሪ ስንቴ ልበልሽ? እጅሽ ለትል እንጂ ለፀጉር አልተፈጠረም" ትላት ነበር።

የማበጠሪያው ጥርስ ከተቋጠረ ፀጉር ላይ ያዘ። ጎተተችው። የእናቷ ራስ ከማበጠሪያው ጋር ጥቂት መጣና ተመልሶ ትራሱ ላይ ዐረፈ።

ታላቂቱ የመድኃኒቱን ጠርሙስና ማንኪያ ይዛ ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ስክሪኑ ላይ ነበር።

"ውይ! ያቺ ጭረት ናት? ምነው እንዲህ አማረባት!"

"እሷው ናት።"

"ሞታ ነው?"

"አልሞተችም። ውሃው ወፍሮባት ነው።"

"አደብ ገዛች በይኛ!" ታላቂቱ ሳቀች። የሚያጅባት ስታጣ ሳቋን ሰበሰበችና ማበጠሪያውን አየች። "ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ? ከጫፍ እኮ ነው የሚጀመረው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ጎተትኳት፣ እታለም። ምንም አላለችኝም።"

ታላቂቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"አንቺ መነጽርሽ ላይ ስታፈጪ ወደ በሩ የምሮጠው እኔ ነኝ። ደሟን ከደረጃው ላይ ያጠብኩትም እኔው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ያየሁት እኮ ከእሑድ ወዲህ ነው።"

"እውነትሽን ነው።"

እውነቷን ነበር። ታናሺቱም ብትሆን በዚህ ሳምንት የሠራችው ወሩን ሙሉ ከሠራችው ይበልጣል። ማንም ትከሻዋን ነካ አድርጎ "ደንበኞቼ" አላላትም።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከብልቃጡ ንጹሕ የኩሬ ውሃ ቀድታ ጠብታዋን በሸፈነው ስስ መስታወት ጠርዝ በኩል አንጠበጠበች፤ ቆየት ብላ ደገመች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ኋላ ግን ፀጉሮቹ ፈጠኑ፤ ፍጥረቲቱ በጎኗ ዞረች፤ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ጠፋች።

"አመለጠችሽ እኮ" አለች ታላቂቱ።

ታናሺቱ የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋች። ከእህቷ እጅ ጠርሙሱንና ማንኪያውን ተቀብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

"አሁኑኑ ለሐኪሙ ደውዬ መጠኑን እንዲቀንስልን እጠይቀዋለሁ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"