የፍል ውሃው መንትያ

ዶክተር አብተው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያይ ተንገሸገሸ።

አንደኛው ከናዝሬት ወጣ ብሎ ካለው ፍል ውሃ ስላገኘው ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ወተት ሻጯ ውዴ ለምርምር ጣቢያው ከምታመጣው ወተት ስላወጣው። ሁለቱንም ምሥራቅ ጀርመን ልኮ፣ የአንድ ፕሮቲናቸው ቅንጣቶች በምን ተራ እንደተሰካኩ አስነብቧል። ተራው በተለያየ ቁጥር ዝምድናው ይርቃል። የፍል ውሃው ከማንም የማይቀራረብ ጥንታዊ ዘር መሆኑን ሊያሳይ ነበር የለፋው፤ የወተቱን የመረጠው ባዳ እንዲሆንለት ነው።

ተራዎቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ናቸው። ባዳ የተባለው መንትያ ሆኖ ቁጭ አለ።

ፍል ውሃውን እንደገና አስቀድቶ ላከ። ወራት ጠብቆ ያው መልስ መጣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አብተውን አልቅስ አልቅስ አለው።

ኃላፊው ጓድ ኃይለየሱስ "ወይ ጥፋተኛውን አምጣ፣ ወይ ጥናቱ ይዘጋል" አሉት።

ጥፋተኛው ለአብተው ግልጽ ነበር። ውሃውን የሚቀዳው መርዳሳ ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ፤ ሰውየው ጥላ ሥር ተጋድሞ፣ ወተት በጠጣበት ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ይመጣል።

"ከምንጩ ዓይን ነው የቀዳሁት፣ ዶክተር። ዋቃ ያውቃል" አለ መርዳሳ።

"ወተቱስ ከየት ገባበት?"

"እኔ ወተት ይዤ አልሄድኩም። የውዴ ወተት ደግሞ ላፌም አይጥመኝ። የልጆች አባት ነኝ፣ እንጀራዬን አይቁረጡብኝ።"

አብተው ይኼኔ ባሰበት። ውዴ ከፍል ውሃው ማዶ በአህያ ጭና ማልዳ የምትደርስ ሴት ናት። በዚያ ድርቅ የሰው ሁሉ ላም ሲነጥፍ፣ የእሷ ቢዶን አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም። ሰነፍ ሰው በእንዲህ ያለች ታታሪ ላይ አፉን ሲከፍት መስማት አንገበገበው።

መርዳሳ ከሥራ ተሰናበተ። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ሲወጣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። አብተው ትንሽ ከበደው፤ ጥናቱ ግን ተረፈ።

በማግስቱ የተቀቀለ ጠርሙስ ይዞ፣ ራሱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ፍል ውሃው ወረደ።

ውዴ አህያዋን ቁጥቋጦ ላይ አስራ፣ እስከ ግማሹ ወተት ያለበትን ቢዶን ከምንጩ ዓይን በጣሳ እየቀዳች ትሞላለች።