ከጋቢናው ወንበር ሥር

ሂሩት የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው በአንዲት የጸጉር ማስያዣ ነው።

ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ የአሰብን ሙቀት ገና ያልለመደች መምህርት ናት። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ላንድሮቨር ጠዋት ጠዋት መምህራኑን ከካምቦ ሱዳን ሰፈር ሰብስቦ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሁሉም የሞተሩን ግለት ሸሽተው ከኋላ ይታጨቃሉ። ሂሩት ግን ጋቢና ትቀመጣለች። ግለቱን ያስቻላት ሹፌሩ አሥራት ነው፤ ረጅም፣ ቁመናው ያማረ፣ ከ«ደህና አደሩ» ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወርዳ ሳትርቅ ጠራት። ክንዱን ከወንበሩና ከበሩ መሃል እስከ ብብቱ አስገብቶ ሲታገል ቆየና አንድ የጸጉር ማስያዣ ይዞ ብቅ አለ።

«ወድቆብዎት ነው መሰለኝ» አላት። ላቡ ይንጠባጠባል።

የሷ አልነበረም። ግን ያ ዝምተኛ አፉን መክፈቱ ሆዷን አባባው።

«ውይ! እሱን እኮ ነው ስፈልግ የከረምኩት!» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ እንደ ዶሮ መጣል ያዘ። ዛሬ መርፌ ቁልፍ፣ ሌላ ቀን ማበጠሪያ፣ ሌላ ቀን ትንሽ የእጅ መስተዋት። አሥራት ክንዱን ይሰዳል፤ ያወጣል፤ ሂሩት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። በዚያው ጨዋታ ይከተላል፤ ስለ ደሴ ዝናብ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ። ሂሩት በልቧ ድንኳን ተክላ ሙሽራ ሆነች።

ዘግይቶ ነው የነገሩ ሌላው ገጽ የታያት። የሷ ካልሆኑ የማን ናቸው?

የጥላነሽ ነዋ! የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ከሥራ መልስ በዚሁ መኪና ትሄዳለች፤ ሽቶዋ ቀድሟት ነው የሚደርሰው። ሂሩት ማበጠሪያውን ጥርስ በጥርስ መረመረችው። አንዲት ጸጉር እንኳ የለበትም። «ደግሞ ጽዱ ናት!» ብላ ወረወረችው። መስተዋቱ የወጣው አውሎው ከተማዋን አሸዋ ባለበሰበት ሰሞን ነበር፤ እሱ ግን ጥርት ያለ ነው። ትናንት ማታ የወደቀ መሆን አለበት። ቀናች። በቃ፣ አንጀቷ እስኪቃጠል ቀናች።

ሐሙስ ዕለት የጆሮ ጌጥ ወጣ። ሁለቱም! አንዱስ ይወድቃል እንበል፤ ሁለቱንም ባንዴ የሚያስወልቅ ምን ዓይነት መንገድ ነው?

«የእርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ አሥራት ፊቷን አይቶ፣ ድምፁ ሰልሎ።

አይደሉም ብትል የቀድሞው ውሸት ሁሉ ሊዘረገፍ ነው።

«የኔ ናቸው!» አለችና በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች።

ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ቆረጠች፤ ዕቃውን ሁሉ ለባለቤቲቱ መልሳ ከእንግዲህ በእግሯ ልትሄድ። በፊት ግን ማረጋገጥ ነበረባት። አሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ የሴት ጌጣጌጥ በሰንቡቅ ጀልባ ከየመን የሚመጣው ለሐኪማ ሱቅ ነው፤ ሐኪማም ለማን ምን እንደሸጠች አትረሳም።

ቅዳሜ ጠዋት ሂሩት መሃረቧን ባንኮኒው ላይ ፈታችው።

«ሐኪማ፣ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ። እነዚህን የገዛችሽ ጥላነሽ ናት?»

ሐኪማ አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸውና ፈገግ አለች።

«ወላሂ ገዢው ሴት አይደለም። የገዛኝ ያ ረጅሙ የላንድሮቨር ሹፌር ነው።»

ሂሩት ዕቃዎቹን መልሳ መሃረቡ ውስጥ ትቋጥር ጀመር። «ለሷ ነዋ የሚገዛላት!»

«ለማን እንደሆነስ አልነገረኝም፣ እህቴ፤ በመጣ ቁጥር ግን ‹ከመኪና ወንበር ሥር ሊወድቅ የሚችል ትንሽ ነገር የለሽም ወይ?› ነው የሚለኝ።»