የሪባኑ መቀስ

ዓይናለም የመቀሱን ሳህን እንደያዘች፣ የሁለት ፓርቲ ሰዎች ጋፋት አዲሱ የቦኖ ውሃ ፊት ተፋጠጡላት፤ ሪባኑን እኔ ልቁረጥ፣ እኔ ልቁረጥ!

«ክልሉ ነው ያሠራው! የናንተ ፓርቲ ምን አደረገ?»

«ኧረ ባክህ! የፌደራል በጀት ባይመጣ በምን ልትሠሩት ነበር?»

እሷ ግን ዓይኗ ከቧንቧው ሥር አልነቀል አለ። ትናንት ተሞክሯል ተብሎ የለ? ታዲያ መሬቱ ለምን እንዲህ ደረቀ? ውሃ ባለበት ንብ አይጠፋም፤ እዚህ አንዲት እንኳ የለች። ወይኔ! ከነገ ጀምሮ ወንዝ ሳልወርድ፣ ደወል ሳይደወል ክፍል እገባለሁ ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለች እኮ!

አላስችላት አለና በአንድ እጇ ቧንቧውን ከፈተችው። ፍስስስ... ንፋስ ብቻ።

«ጋሼ፣ መቀሱን ለማን ልስጥ?»

የክልሉ ሰውዬ እጁን ኪሱ ከተተ። «ለሱ ስጪው፣ ሥራው የፌደራል ነው።»

ያኛው ሳህኑን ቀስ አድርጎ መለሰው። «ኧረ እናንተ አይደላችሁ ያሠራችሁት!»