በሩን የከፈተችው ሴትዮ

ሰውየው ፊልሙን በስልኩ ከፍቶ ከልጁ ከሶልያና ጋር ቢቀመጥም፣ ሶፋው እሾህ የበቀለበት ይመስል ይቁነጠነጣል። ልጅ ሳለ ይህን ፊልም ያየው ደሴ፣ ታላቅ ወንድሙ አንተነህ ካሴቱን አስገብቶ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ለተመልካቹ በአማርኛ እየተረጎመ በሚያሳይበት ቪዲዮ ቤት ነበር።

ጀግናው ጊዜን በሚያሻግር መኪናው ወደ መጪው ዘመን ሄዶ የሰው ፊት የሚያሳይ ስልክ ሲያይ፣ ያኔ ቤቱ በፉጨት ቀልጦ ነበር። ሶልያና ግን ሳቀች።

«አባዬ፣ ግድግዳውን ሙሉ የያዘው ይሄ ስልክ ነው?»

«ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሞተች እናቱን ያገኛታል።»

ጀግናው በር አንኳኳ፤ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ከፈተችና እቅፍ አደረገችው።

«ያቻት! እናቱ!»

«ኧረ አባዬ፣ አከራዩ እኮ ናት!» አለች እንግሊዝኛውን የምትሰማው ልጁ። «‹የት ጠፍተህ ከረምክ?› ነው ያለችው።»

ወደ ኋላ መልሶ አየው። ደግሞ መለሰው። ከዚያ ብድግ ብሎ ለወንድሙ በቪዲዮ ደወለ። የአንተነህ ፊት መዳፉ ላይ ብቅ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ በሩን የከፈተችው ሴትዮ እናቱ ናት ብለኸን አልነበር?»

አንተነህ መነጽሩን አወለቀ።

«ሌላ ጊዜማ አከራዩ ነበር የምላት» አለ። «ያን ዕለት ግን እማዬን በቀበርን በሳምንቱ ነው። አንተ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር።»