የወይዘሮ ትርንጎ ሙቀጫ

በዚያ ዘመን ማንኛውም ሙዚቃ ከመውጣቱ በፊት አንድ መርማሪ ማሽን ከማን እንደተቀሰመ ይናገራል፤ የተጠራው ሰው ካልፈረመ አይወጣም።

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃው ስሙ የገነነው ይድነቃቸው በየቃለ መጠይቁ «እኔን የቀረጸኝ የጠፈር ጸጥታ ነው» ሲል ሃያ ዓመት ኖሯል። አዲሱን ሥራውን ሲያስመረምር ግን ማሽኑ ምንም ሳያፍር፣ «ዋና መምህር፦ ጎረቤትህ ወይዘሮ ትርንጎ፣ በሙቀጫቸው» አለው።

ይድነቃቸው ክው አለ። ሴትዮዋን በዚሁ ሙቀጫ ድምፅ ሁለት ጊዜ ቀበሌ ከሷቸዋል!

ምን ያድርግ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀድሞ ደጃቸው ቆመ። ወይዘሮ ትርንጎ ሙዚቃውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እዚህ ጋ ትቸኩላለህ» አሉት። «በርበሬ እንዲህ ከተወቀጠ ዓይን ውስጥ ይገባል።»

«አስተካክለዋለሁ እትዬ፤ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

ሽማግሌዎቹን አይተው ፈረሙለት። ይድነቃቸውም እፎይ ብሎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እንደልብዎ ይውቀጡ፤ የሚቀጥለውን ሥራዬንም ልጀምር ነው» አላቸው።

«በምኑ ልውቀጥ? ባለፈው ስትከሰኝ ሙቀጫውን ለሰው ሰጥቼ ድምፅ የሌለው መፍጫ ገዛሁ። ያውልህ፣ እየፈጨ ነው።»

ይድነቃቸው ተንበርክኮ ጆሮውን መፍጫው ላይ ለጠፈ። ሃያ ዓመት ሲያወራለት የኖረውን የጠፈር ጸጥታ ያን ጊዜ ገና ሰማው።