የባል ስም

ፈረንጁ ሐኪም ራሳቸውን ስተው በተኙት ባለቤቴ ላይ ጎንበስ ብሎ «ሂ… ሂ…» ይላል።

«ምን እያለ ነው?» አልኳት ነርሷን።

«‹እሱ› ማለቱ ነው፣ እማማ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም።»

«ታዲያ በረኛውም ሂ፣ እሳቸውም ሂ? አሳዳጊ የበደለው!»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጆሯቸው ይሰማ ይሆናል፤ በስማቸው ይጥሯቸው ብሏል» አለችኝ።

እኔ? ከተዳርኩ ጀምሮ «እሳቸው» እላለሁ እንጂ ስማቸው ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ በስማቸው የሚጠሯቸው ነፍሳቸውን ይማርና እናታቸው ብቻ ነበሩ። የባሏን ስም የምትጠራ ሴት ምን ሴት ናት! ግን እጃቸው እጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሄደ። ምን አቅም አለኝ? ጆሯቸው ስር ተደፍቼ፣ «ደምሰው!» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«አቤት፣ እማዬ» አሉኝ።