አንድ ሕያው ምስክር

ምስክር ማለት ያየውን የሚናገር ሰው ነው፤ ያላየውን አይጨምርም፣ ያየውንም አያስቀርም። ወዳጅ መሆን አይጠበቅበትም። ማካሪዮ ላንሳንጋን ይህን ትርጉም ያገኘው በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ማኒላ ካለው የአሜሪካኖች ቢሮ በመጣለት ደብዳቤ ላይ ነው። ዓይኑ ስለደከመ ልጁ ሊጋያ ጮክ ብላ አነበበችለት።

በጃፓን ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ለተዋጉ ፊሊፒናውያን ዜግነት ይሰጥ የሚል ሕግ፣ ከተዋጊዎቹ ግማሹ ከሞቱ በኋላ ወጥቶ ነበር። ማካሪዮ ከሸማቂዎቹ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ጫካ ቆይቷል። ዜግነቱን ካገኘ ሊጋያን ይወስዳታል። ሊጋያ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የስፌት መኪናዋን ሸጣ ሻንጣ ገዝታለች፤ ሻንጣው ከአልጋዋ ሥር ሆኖ ይጠብቃል።

ደብዳቤው ግን ስሙ በሸማቂዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልተገኘም ይላል። አብሮት የነበረ አንድ ሕያው ምስክር ቀርቦ ቃሉን ከሰጠ ጉዳዩ ይታያል።

ዝርዝሩን በእጁ የጻፈው ሳጅን ፕሩደንሲዮ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው በሕይወት የቀረውም ሳጅን ፕሩደንሲዮ ብቻ ነው።

«እናቴን ስላገባሃት ነው» አለች ሊጋያ። «እሷን አጣ፣ ያንተን ስም ዘለለ። ወንድ ሲቀና እኮ ብዕርም ይበቃዋል።»

ማካሪዮ አልተቃወማትም። ሬሜዲዮስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለቱም የፈለጓት ልጅ ነበረች።

በማግስቱ ሐይቁን በጀልባ ሊሻገሩ ሲነሡ፣ ሊጋያ ለፕሩደንሲዮ የሚወስዱትን የተቀቀለ የዳክዬ እንቁላል በዘንቢል አድርጋ መጣች።

«ይሄን ነገር ከየት አመጣሽው?»

«ከጎረቤት ተውሼ ነው፣ አባዬ።»

«መልሺላቸው። በፌስታል ያዢው።»

«ፌስታል ይቀደዳላ!»

«ይቀደድ።»

ሊጋያ እየሳቀች መለሰችው። «ሌላው ሰው እባብ ይጠላል፣ የኔ አባት ዘንቢል» አለቻት ለጎረቤቷ። ቤታቸው ዘንቢል ገብቶ አያውቅም።

ፕሩደንሲዮ ግቢው ውስጥ ለአውራ ዶሮዎቹ በቆሎ እየበተነ አገኙት።

«ማንግ ፕሩደንሲዮ፣ እንደምን አደሩ?» አለች ሊጋያ፣ ለትልቅ ሰው በሚባለው የአክብሮት አጠራር።

ሽማግሌው ቀና ብሎ ብዙ አያት። «የሬሜዲዮስ ልጅ ነሽ። ግንባርሽ ይናገራል።»

«የኔም ልጅ ናት» አለ ማካሪዮ።

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ማካሪዮ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «ስሜን ለምን ዘለልከው?»

«ጥቅምት ላይ ሄደህ አልተመለስክም።»

«ወባ ጣለኝ!»

«ወባ» አለ ፕሩደንሲዮ። «አዎ፣ ወባ ነው የተባለው።» የቀረችውን በቆሎ በተነ። «ተወው፣ ማካሪዮ። ይሄን ነገር ተወው። ይኸው እስከዛሬ ችለነዋል።»

«አንተ ደግሞ ምኑን ቻልክ? የቻልኩት እኔ ነኝ! በየኅዳሩ አደባባይ ላይ ማርሽ ሲነፋ ቤቴን ዘግቼ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስሜ በሌለበት በዓል ምን ልሠራ እወጣለሁ?»

ማርሹ የሚነፋው ጃፓኖች በትምህርት ቤቱ ግቢ ለገደሏቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ነው። ስማቸው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ሦስተኛው ዶሚንጎ ነው፤ የፕሩደንሲዮ ታናሽ ወንድም።

«ስለ እናቴ ብለው፣ ማንግ ፕሩደንሲዮ» አለች ሊጋያ።

«ስለ እናትሽ ብዬማ ብዙ አድርጌያለሁ፣ ልጄ።»

«ምን አደረግክ? እስኪ ንገረን!» ማካሪዮ ተቆጣ። «ቅናትህን በመቃብሯ ላይ እንኳ አልተውክም። ያየኸውን ተናገር ነው የተባልከው፤ ውሸት መች አማረኝ አልኩህ?»

ማካሪዮ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ቅጽ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ልጅ ሳለ የቀኝ ሌባ ጣቱን ዘነዘና ጨፍልቆት ስለነበር አይታጠፍም፤ ቁርባን ሲቀበል እንኳ ቄሱን የሚከስ ይመስላል። በዚያች ጣት ባዶውን መስመር አሳየው።

«የምትፈርመው እዚህ ጋ ነው።»

ፕሩደንሲዮ ቁልቁል አየ። «የት ጋ?»

«እዚህ ጋ! ዓይንህም ከዳህ እንዴ?»

«አልከዳኝም» አለ ፕሩደንሲዮ። ድምፁ ደክሟል። «ያየሁትን ከሆነ የምትፈልገው፣ እሺ፣ እመጣለሁ።»

ማክሰኞ ዕለት ማኒላ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። አባትና ልጅ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቁ፣ እሱ ውስጥ የቆየው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲወጣ ማካሪዮን አላየውም። ሊጋያ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አላትና ደረጃውን ወረደ።

«አላልኩሽም?» ማካሪዮ ጮኸ። «ዓይኔን ማየት አቃተው! በአንድ ድስት የበላን ሰዎች፣ በአንድ ሰሌን የተኛን ሰዎች! በሴት ቂም ሸጠኝ። ከሃዲ!»

«ዝም በል አባዬ፣ ሰው ያያል» አለች ሊጋያ። እሷም ግን እያለቀሰች ነበር። አዲሱን ጫማዋን ያደረገችው ለዚህ ቀን ብላ ነው።

የቢሮው ጸሐፊ ወጥቶ የምስክሩን ቃል ግልባጭ ሰጣት። እንደልማዷ ጮክ ብላ ጀመረች።

«ማካሪዮ ላንሳንጋን እስከ ጥቅምት ከኛ ጋር ነበር። ኅዳር ላይ ጃፓኖች በትምህርት ቤቱ ግቢ አሰለፉን። ሁለት ቀዳዳ የተበጀለት ዘንቢል እስከ አንገቱ የደፋ ሰው በፊታችን እያለፈ ይጠቁም ነበር።»

ማካሪዮ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሊጋያ ድምፅዋ ቢወርድም ማንበቧን አላቆመችም። «ወንድሜን ሦስተኛ አድርጎ ጠቆመው። አሥራ ሁለት ሰው ጠቁሞ እጁን ሲጨብጥ፣ አንዲት ጣቱ ሳትታጠፍ ቀረች። ስለ ሚስቱ ስለ ሬሜዲዮስ ስል ስሙን በተዋጊዎችም ሆነ በባንዳዎች ዝርዝር ላይ አልጻፍኩትም።»

ከቃሉ ሥር፣ «የጦር አገልግሎቱ ተረጋግጧል?» ለሚለው ጸሐፊው «አዎ» ብሎ ሞልቷል፤ «በየትኛው ጦር?» ለሚለው ደግሞ «በጃፓን»።